ባቡሩን ያስቆመው ፔናሊቲ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ሻይ ቅጠልና ስኳር ማለቁን እንዳልረሳ ካርቶን ላይ ለመጫር ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት ሙሉ ገጽም የራሴ አልነበረም። ስድስት ወንዶች ጫት እየቃሙ ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ከላይ እስከ ታች ውሸት ነበር። የእጅ ጽሑፌን ግን ሁሉም አደነቁት።

እናቴ ጅግጅጋ ውስጥ ከገበያው ጀርባ በርጫ ቤት አላት። ወንዶች ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ማታ ድረስ ይቅማሉ። እኛ የምናቀርበው ሻይ፣ ቀዝቃዛ ውሃና ትራስ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እኔና እናቴ እንኖራለን፤ በሌላው እነሱ ይኖራሉ ማለት ይቻላል።

እኔ ዓይነ አፋር ነኝ። ትሪ ይዤ ስገባ ቀና አልልም። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ደንበኞቻችንን የማውቃቸው በካልሲያቸው ነበር። ግራጫ ካልሲ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ስኳር አይወድም። ነጭ ካልሲ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ቡናማ ካልሲ፣ አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደው፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ የሚሠራ የኤረር ሰው ነው። ይህን ሰው ሊቀመንበሩ እለዋለሁ፤ በኋላ ሊቀመንበር ሆኗልና። የቤቱ ዋና ተራኪም እሱ ነበር።

የጫቱ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ከተማ ሲገባ የሚሆነውን ግርግር የጅግጅጋ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በርጫው ሲጀመር ግን ጸጥታ ነው። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ማንም አይናገርም፤ ሁሉም ቅጠሉን ይለቅማል፣ ጉንጩን ይሞላል። ከዚያ ምርቃናው ይመጣል። ያን ጊዜ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ማህተም የት እንዳስቀመጠ የማያውቀው ሰው ሁሉ የታሪክ አዋቂ ይሆናል።

የሚወዱት ያልተሰማ ታሪክ ነው። የተሰማ ታሪክ ዋጋ የለውም። «ይህን ማንም አያውቅም» ብሎ የጀመረ ሰው ሁሉም ጆሮውን ይሰጠዋል። ማንም የማያውቀውን አንተ እንዴት አወቅህ ያለ አንድም ሰው አልገጠመኝም። ግራጫ ካልሲ ወደ ደወሌ የሚወስደው ሀዲድ አንድ ቦታ ላይ የሚጠመዝዘው፣ ፈረንጁ መሐንዲስ ካርታ ላይ እርሳሱን እንደያዘ እንቅልፍ ስለወሰደው ነው ይል ነበር። ነጭ ካልሲ ደግሞ ከአውበሬ እስከ ጅግጅጋ የጭነት መኪና በሩጫ የቀደመ ሰው እንደሚያውቅ ይምላል። መኪናው ኬላ ላይ ቆሞ እየተፈተሸ እንደነበር የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ኬላ ላይ ከቆመማ እኔም እቀድመዋለሁ እል ነበር፣ በሆዴ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከዚህ ሜዳ የተመታች ኳስ መኪና ላይ አርፋ ሀርጌሳ ገባች ተባለ። አልሳቁም። ጎሉ ይቆጠራል አይቆጠርም ብለው ማታ ድረስ ተከራከሩ።

በዚህ ሁሉ መሃል እናቴ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ሁለት ፔርሙዞች ከጎኗ አሉ፤ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍነዋል። አትናገርም። ብርጭቆ ስትቀበልና ስትቀዳ ትውላለች። ወንዶቹ ሲመረቅኑ እጃቸው ይወራጫል፤ እያወሩ ትሪውን ይመታሉ፣ ብርጭቆው ይንሸራተታል። እናቴ ዞር ሳትል ትቀልበዋለች። ቤታችን ውስጥ ብርጭቆ ሲሰበር ያየሁት እናቴ ገበያ በሄደችበት ቀን ብቻ ነው።

«አቦ፣ የዚህች ሴትዮ እጅ ማግኔት አለው!» ይላሉ። ከዚያ ወደ ታሪካቸው ይመለሳሉ።

የሊቀመንበሩ ትልቁ ታሪክ የአፍደም ባቡር ነው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ፣ ባቡሩ ገና እየሠራ ሳለ፣ የአፍደምና የኤረር ወጣቶች አፍደም ጣቢያ አጠገብ ባለው ጠጠር ሜዳ ላይ ይጋጠማሉ። የአፍደም በረኛ እጁ ይጎዳል። ሊቀመንበሩ የኤረር ልጅ ቢሆንም በውሰት ለአፍደም በር ላይ ይቆማል። ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ይመጣል። ፔናሊቲ ይሰጣል። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሜዳውን ይከብባል። መቺው ይመታል፣ ሊቀመንበሩ እንደ ነብር ይወረወርና ይይዘዋል። «ባቡሩ እኔን ቆሞ ጠበቀ!» ብሎ ደረቱን ይመታል። እዚህ ጋ ሲደርስ ሻይ ይጨመርለታል።

እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ትሪውን ጥዬ ብወጣ እመኝ ነበር። ምክንያቱም የአባቴ ታሪክ ነው።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከእናቴ ጋር ጅግጅጋ የመጡት ከአፍደም ነው። መጨረሻው ፉርጎ ላይ ቆሞ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ የሚይዘው ሰው እሱ ነው። እሱ አረንጓዴውን ካላውለበለበ ነጂው ንቅንቅ አይልም። ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አጠገቡ አስቀምጦ ይነግረኝ ነበር። በረኛው ሲጎዳ በዚያ ጠጠር ላይ መውደቅ የፈለገ ሰው ይጠፋል። አባቴ ከፉርጎው ወርዶ፣ ባንዲራውን ኪሱ ከትቶ፣ በር ላይ ይቆማል። ነጂው ጥሩምባውን ይነፋል፣ አባቴ አይሰማም። ፔናሊቲው ይመታል፣ አባቴ ይይዘዋል። ከዚያ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመ አረንጓዴውን ያውለበልባል፣ ባቡሩም ይነሳል። በዚህ ምክንያት ከሥራው ተሰናበተ። ባንዲራዎቹን መልስ ሲሉት ቀዩን መለሰ፤ አረንጓዴው ጠፋ አላቸው። ፔርሙዛችን ላይ ያለው ጨርቅ እሱ ነው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ሞተ። እናቴን ለመርዳት ትምህርቴን ትቼ ትሪ ያዝኩ። ከእሱ የቀረኝ ያ ታሪክ ነበር። ሊቀመንበሩ ደግሞ በየሳምንቱ ያን ታሪክ ሲያላምጥ ይውላል። አንድ ቀን ተርኮ ሲጨርስ በጫት የረጠበ እጁን በአረንጓዴው ጨርቅ ጠረገ። እናቴ አየችው። ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች። ፈሪ መሆኗ ገረመኝ። ያኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ።

ከዚያ አንድ ዓመት ከተማው የኳስ ውድድር ሊጀምር ሆነ። በመክፈቻው ዕለት የድሮ ተጫዋቾች ይመሰገናሉ፣ ያልተሰማ የአካባቢው የስፖርት ታሪክም በሞንታርቦ ይነበባል ተባለ። ታሪኩ በአንድ ገጽ ተጽፎ እንዲመጣ ተጠየቀ። ለባለታሪኩ ቱታና የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። እንግዲህ ጅግጅጋ ውስጥ ኮሚቴ የት እንደሚቋቋም የታወቀ ነው። የእኛ ፍራሽ ላይ ተቋቋመ። ስድስት አባላት፣ ቡናማ ካልሲ ሊቀመንበር።

ጸሐፊ ሲፈልጉ ችግር መጣ። ሁሉም ቅመዋል፣ የሁሉም እጅ ይንቀጠቀጣል። መምህሩ ሞከረና ባቡሩን ሲጽፍ ገና በመጀመሪያው ፊደል ከመስመር ወጣ።

«ይቺ ልጅ ጽሑፏ ያምራል» አለ ነጭ ካልሲ። «ባለፈው የስኳሩን ካርቶን አይቼዋለሁ።»

«ነይ ቁጭ በይ፣ የኔ ልጅ» አለ ሊቀመንበሩ። «አንቺ የታሪክ ጸሐፊ ልትሆኚ ነው።»

ፊቴ ተቃጠለ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ታሪክ እንዴት እንደሚሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔ የሆነውን ይጽፋሉ ብዬ ነበር የማስበው። እነሱ ግን እጅ አወጡ።

«ባቡሩ ስንት ሰዓት ቆመ?» አለ መምህሩ።

«ሦስት ሰዓት!»

«አቦ፣ ሦስት ሰዓት ቆሞማ ጅቡቲ ድረስ ይሰማ ነበር። ግማሽ ሰዓት በል።»

«ግማሽ ሰዓት ምን ያስገርማል? ባቡሩ ሲበላሽም ከዚያ በላይ ይቆማል።»

«እጅ አውጡ።»

በአራት ለሁለት ድምፅ ባቡሩ አንድ ሰዓት ቆመ። ጻፍኩ።

«ዝናብ ይኑር?»

«ይኑር። ዝናብ ታሪክ ያሳምራል።»

አፍደም ዝናብ! ግመል እንኳ የሚናፍቀው ዝናብ። በሙሉ ድምፅ ዘነበ። ጻፍኩ።

«በረኛውን አሁን እንጻፍ» አለ ሊቀመንበሩ፣ ትራሱን አስተካክሎ። «በረኛው እንግዲህ የታወቀ ነው።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከ«ውሃ ልጨምር?» በቀር ተናግሬ አላውቅም። አሁን ግን ወረቀቱን እያየሁ «በረኛው አባቴ ነበር» አልኩ።

«ምን አለች?»

«በረኛው አባቴ ነበር።»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ልጅ ሲኮላተፍ የሚሳቅ ሳቅ ነው። እሱ ከክፉው ይብሳል።

«የኔ ልጅ» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ነፍሱን ይማረውና አባትሽ ባንዲራ ያዥ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር። ግን ባንዲራ ያዥ ኳስ አይይዝም። በይ ጻፊ።»

በዚህ መሃል ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የከብት ነጋዴ ናቸው፣ የአፍደም አካባቢ ሰው። ሁላችንም አዴር እንላቸዋለን፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። ቤታችን የሚመጡት አልፎ አልፎ ለንግድ ጅግጅጋ ሲገቡ ነው። ጥርስ ስለሌላቸው ጫታቸውን በትንሽ ሙቀጫ የምወቅጥላቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን ጽሕፈቱ ይዞኝ አልወቀጥኩላቸውም ነበር። ከክፍሉ ሁሉ ያልመረቀነ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ ማለት ነው።

«ዋርያ፣ ስሙኝማ» አሉ፣ «እኔ እዚያ ነበርኩ። ፍየሎቼን ልጭን ባቡሩን እየጠበቅኩ ነበር። በረኛው ሴት ልጅ ነበረች።»

ፍራሹ ሁሉ በሳቅ ተናወጠ።

«አዴር ሳይቅሙ መርቅነዋል!» አለ ነጭ ካልሲ።

«ወላሂ ሴት ልጅ ነበረች። ለባቡር ወተት የምትሸጥ። ወተቱን በጣሳ ለተሳፋሪው በመስኮት ታቀብላለች። ሰውየው ጠጥቶ ሳይጨርስ ባቡሩ ይነሳል። እሷ ከጎኑ ትሮጣለች፤ እሱ ባዶውን ጣሳ ይወረውርላታል። ድንጋይ ላይ ከወደቀ ተጣሞ ያፈሳል፣ የነገ ሥራዋ ይቀራል። ስለዚህ አየር ላይ ትቀልበዋለች። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጣሳ ባንድ ጊዜ ይወረወርባታል። አንድም አይወድቅባትም ነበር። ያን ቀን በረኛው ሲጎዳ በሩ ኋላ ቆማ ባቡሩን ትጠብቃለች። ልጆቹ ለቀልድ ግቢ አሏት። ገባች።»

«ፔናሊቲውንስ?» አለ መምህሩ እየሳቀ።

«ያዘችው።»

«እሺ እጅ አውጡ!»

ሴቷ ልጅ በስድስት ድምፅ ተሰረዘች። አዴር የኮሚቴ አባል ስላልሆኑ ድምፅ አልነበራቸውም። ሊቀመንበሩ ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር፤ እግሩን እያወራጨ ሳቀ። ያ የተቀደደ ካልሲ ትሪውን መታው። አንድ ብርጭቆ ተወርውሮ ወደ በሩ ሄደ።

እናቴ ለአንዱ ደንበኛ ሻይ እየቀዳች ነበር። ቀና አላለችም። ግራ እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን አየር ላይ ያዘችው፣ አወረደችው፣ ያንኑ ብርጭቆ ሞላችው።

አዴር እያዩ ነበር። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። «ሀዬ» አሉ ለራሳቸው፣ እሺ ገባኝ እንደማለት። እኔም አይቻለሁ። ብርጭቆ ስትቀልብ ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ፤ እስከዚያ ቀን ግን አላየሁም ነበር።

ሊቀመንበሩ «በረኛው ማን እንደነበር ጻፊ» አለኝና ስሙን ከነአባቱ ስም ነገረኝ። ጻፍኩ። እጄ በትእዛዝ የሚሄድ እጅ ነው።

ሲመሽ ሄዱ። ወለሉ ላይ የቀረውን የጫት ገራባ እየጠረግኩ፣ ድፍረት እስኪመጣልኝ ያንኑ ቦታ ሦስቴ ጠረግኩ። እናቴ ብርጭቆ ታጥባለች።

«እማ፣ አፍደም ሳለሽ ምን ነበር የምትሸጪው?»

«ወተት። ከገጠር ሴቶች እየተቀበልኩ። ታውቂው የለም እንዴ?»

«በጣሳ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ያ ሽማግሌ ወሬኛ ነው» አለች።

«አንቺ ነሽ?»

«ውሃውን አምጪ።»

አመጣሁ። አጠገቧ ቆምኩ፤ አልሄድኩም። ቆይታ፣ እጇን ባረንጓዴው ጨርቅ ሳይሆን በቀሚሷ አድርቃ፣ «ኳስ ከጣሳ ይቀላል» አለች። «ጣሳ ይቆርጣል።»

ከዚያ ነገረችኝ፤ እሷ ብዙ አታወራም፣ ሁሉን በጥቂት ቃል ነው የጨረሰችው። ዝናብ አልነበረም። ነብር የሚመስል ዝላይም አልነበረም። ኳሱ ወደ ደረቷ መጣ፣ ያዘችው፣ በቃ። ባቡሩ የቆመው እሷን ብሎ ሳይሆን ባንዲራ ያዡ ጨዋታውን እያየ አረንጓዴውን ብብቱ ሥር ስለሸጎጠው ነው። ነጂው ጥሩምባውን ሲነፋ ባንዲራ ያዡ «ትምታ፣ ከዚያ እንሄዳለን» አለ። ተመታች። ከዚያ አውለበለበ። እሷ ጣሳዋን አንስታ ወደ ባቡሩ ሮጠች፤ ያን ቀን ወተቷን የሸጠችው ግማሹን ብቻ ነው።

«እና አባዬ?» አልኩ። «አባዬ እኔ ነኝ ያዝኩት ብሎኝ ነበር።»

«ከሥራ ሲያሰናብቱት ተመልሶ አፍደም መጣ። አያትሽን ጠየቀ። አያትሽ ደግሞ ልጅህ ወንድ መሃል ገብታ ኳስ ያዘች ሲባል ሰምቶ ከቤት አይወጣም ነበር፣ ሰው ሳቀብኝ ብሎ። አባትሽ ‹ኧረ እኔ ነኝ በር ላይ የቆምኩት፤ እሷ ኳስ አቀበለች እንጂ› አለው። አያትሽ ደስ አለው፤ ማመን ይፈልግ ነበር። ሰጠኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጀመሪያ ለእኔ ብሎ ዋሸ። ኋላ ጣመው።» ሳቅ አለች። «ለአንቺ ሲተርክልሽ እዚያ በር ላይ ሆኜ እሰማለሁ። በየዓመቱ ዝላዩ ይረዝማል።»

«ዝም አልሽው?»

«እንጀራውን አጥቶበታል። ወሬውን ይብላው አልኩ።»

«ፔናሊቲውንስ ማን መታው?»

አረንጓዴውን ጨርቅ አራግፋ አጠፈችው። ከዚያ በአገጯ ፍራሹን አሳየችኝ፤ ቡናማው ካልሲ የሚቀመጥበትን ጥግ።

ያን ዓይነት ንዴት ከዚያ በፊት አላውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ ሻይ እያመላለስኩለት! ፔናሊቲ የሳተ ሰው፣ በሴት ልጅ እጅ የተያዘበት ሰው፣ ከመቺነት ተነስቶ ሄዶ በር ላይ ቆመ! መምህሩ፣ ነጋዴው፣ ሁሉም አስጠሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ አባቴም አስጠላኝ። የእሱን ታሪክ ሰረቁብኝ እያልኩ ስንቃቸው የኖርኩት ሰዎች፣ የሰረቁት ከሌባ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ የሞተ ሰው ላይ መናደድ ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። መልስ አይሰጥም።

በማግስቱ ጠዋት ለኮሚቴው ንጹሕ ቅጂ መጻፍ ነበረብኝ። አዲስ ወረቀት ወሰድኩ። ዝናቡን አስቀረሁ። ባቡሩ ለአንድ ፔናሊቲ ያህል ቆመ ብዬ ጻፍኩ። ወተት ሻጯን ጻፍኩ፣ ጣሳውን ጻፍኩ። መቺውን በሙሉ ስሙ ጻፍኩ፤ ከኤረር የመጣ ወጣት ብዬ። አባቴን ምንም ቦታ ላይ አልጻፍኩትም። ባቡሩ ለምን እንደቆመ ለሚጠይቅ ሰው ጽሑፉ መልስ የለውም፣ ዝም ብሎ የቆመ ባቡር ነበር። ሆን ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ መጣ፣ ጫቱን እንኳ ሳይፈታ ወረቀቱን ጠየቀ። ሰጠሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከካልሲው በላይ አየሁት። ትንሽ ፊት ነው ያለው።

አነበበ። ከላይ ሲጀምር ፈገግ ብሎ ነበር። መሃል ላይ ከንፈሩ ቆመ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ በሩ አጠገብ ያለችውን ሴትዮ አየ፤ ስምንት ዓመት ሻይ የቀዳችለትን። እጇን አየ።

እናቴ ስምንት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ትለው ነበር። ያን ቀን «ሻይ ልጨምርልህ?» አለችው።

ሌሎቹ ምንም አልገባቸውም። «ጽሑፉ እንዴት ነው?» አለ መምህሩ።

«ጽሑፉ ያምራል» አለ ሊቀመንበሩ፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ግን… ታሪኩ ሲነበብ ረዥም ነው። ሌላ እንፈልጋለን።»

«ዝናቡስ?»

«ዝናቡም ይቅር።»

ቶሎ ሄደ። ጫቱን ረስቶት ነበር፤ ነጭ ካልሲ ወሰደለት፣ ማለትም ቃመው።

በመክፈቻው ዕለት እኔና እናቴ ስታዲየም ሄድን፣ ከኋላ ቆምን። ሞንታርቦው ጮኸ። ከዚህ ከተማ የተመታች ኳስ መኪና ላይ አርፋ ሀርጌሳ ስለገባችበት፣ ማንም ስለማያውቀው ታሪክ ተነበበ። መቺው ሊቀመንበሩ ራሱ ነበር አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ቱታውን እዚያው ሸሚዙ ላይ ለበሰው፤ እጅጌው ረዘመበት። አጠገባችን የቆሙ ሁለት ሰዎች ጎሉ ይቆጠራል አይቆጠርም ብለው ጀመሩ። እናቴ በሳቅ እንባዋ መጣ። እኔ አልሳቅኩም።

ሊቀመንበሩ አሁንም ቤታችን ይመጣል። ቱታውን ለብሶ ነው የሚመጣው። ስለ ሀዲድ ያወራል፣ ስለ ግመል ያወራል። ስለ አፍደም ግን አያነሳም፤ ሌላው ሲያነሳ ወሬ ይለውጣል። አረንጓዴው ጨርቅ አጠገብ አይቀመጥም። አዴር መጥተው አንድ ቀን ሙቀጫውን ሲቀበሉኝ «እናትሽ ደህና ናት?» አሉኝ፣ እናቴ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጣ ሳለ። እሷም ሰምታ ሻያቸውን ቀዳች። ሁለቱ ተግባብተዋል።

ያ ገጽ ግን አላስተኛኝም። ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ የቀረው እውነቱ ነው። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ እንደገና ጀመርኩ። ይህ ነው። ግማሹን ስጨርስ ለእናቴ አነበብኩላት፤ ማንበብ የምትችለው ትንሽ ነው። ብርጭቆ እያደረቀች ሰማች። ጣሳው ጋ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች። ፔናሊቲው ጋ ስደርስ «ጠጠሩንም ጻፊ፣ ጉልበቴን ልጦኛል» አለች። ባቡሩ ተነሳ ብዬ አቆምኩ።

«አባትሽስ?»

«የለም» አልኩ። «የአንቺን ወስዶ ነው የኖረው። ከእነሱ በምን ይሻላል?»

ፔርሙዙን ከፈተች፣ ዘጋችው። ጨርቁን አስተካክላ አለበሰችው፣ ጠርዙን በጣቷ ሳበችው። እዚያ ጨርቅ ላይ የሊቀመንበሩ እጅ የተወው ነጠብጣብ አሁንም አለ፤ ብዙ ጊዜ አጥባዋለች፣ አልለቀቀም። ዓይኗን ወደ እኔ አነሳች።

«ጻፊው» አለችኝ። «ባንዲራውን ግን እንዳትረሺ። እሱን እስካሁን የኔ ነው ያለ ሌላ ወንድ የለም።»